ውኃው ሁለት ሥራ ነበረው፦ ከላይ የሚከፈተው «ቆጣቢ» ማጠቢያ ማሽን ሲተች

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ይህን ቅሬታ ሳትሰሙ አልቀራችሁም፦ «አዲሱ ማሽን እኮ ውኃ አይሞላም! ልብሱን አረጠበው እንጂ አላጠበውም።» ክዳኑ ከላይ በሚከፈተው፣ «ኤች ኢ» የሚል ምልክት ባለበት ማሽን ውስጥ አጮልቀው ያያሉ። የሚያዩት ግን በድሮው ማሽን እንደለመዱት የሚናጥ ኩሬ አይደለም፤ ግማሹ የረጠበ የልብስ ክምር ነው። አንዳንዱ በባልዲ ውኃ ቀድቶ ይጨምርበታል። አንዳንዱ ደግሞ ፎጣ አርጥቦ ከደረቁ ልብስ ጋር በመክተት ማሽኑን «ይሸውደዋል»። ይሄ ሽወዳ ለምን እንደሚሠራ ወደ በኋላ እናየዋለን፤ ፊዚክሱ ደስ ይላል።

ክርክሩ ሁለት ጎራ አለው። አንደኛው «ውኃ ካልበዛ ልብስ አይጠራም፤ መንግሥት በደንብ ብዛት ማሽናችንን አበላሸብን» ይላል። ሌላኛው «ይሄ የድሮ ልማድ ነው፤ ሳይንሱ ትንሽ ውኃ ይበቃል ስለሚል ክዳኑን ዘግታችሁ ሥራችሁን ሥሩ» ይላል። ሁለቱም ጎራዎች ግማሽ እውነት ይዘው ሙሉ እንደያዙ የሚከራከሩ ይመስለኛል። ማሽኑ መተቸት ይገባዋል። የሚተችበት ምክንያት ግን «ውኃው አነሰ» ተብሎ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ከላይ በሚከፈት ማሽን ውስጥ ውኃ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ውኃው ሲቀነስ አንደኛው ሥራ ጥሩ ተተኪ አገኘ፣ ሁለተኛው ግን በአግባቡ አላገኘም።

መጀመሪያ ለምን ቀነሱት?

በአሜሪካ ቤቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የነገሠው ማሽን እንዲህ ነበር፦ ቀጥ ብሎ የቆመ ባለ ቀዳዳ ቅርጫት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አጂቴተር የሚባል ክንፍ ያለው ምሰሶ። ገንዳው ይሞላል፣ ምሰሶው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ውኃው ይደፋል፣ ለማለቅለቂያ ደግሞ እንደገና ይሞላል። ለአንድ ዙር እጥበት 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ገደማ ውኃ ይጠጣ ነበር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ለሚያውቅ ሰው ሰባት ጀሪካን ተኩል ነው።

ችግሩ ግን ውኃው ብቻ አልነበረም። በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ከሚወጣው ኃይል 90 በመቶ ገደማ የሚሄደው ውኃውን ለማሞቅ ነው፤ ሞተሩ የሚበላው ትንሽ ነው። እስቲ አስሉት። አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። 60 ሊትር ውኃን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 60 × 30 × 4.2 = 7,560 ኪሎጁል ይፈጃል፤ ይህም 2.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ኃይል ቆጥብ የተባለ መሐንዲስ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ውኃው ላይ ቢሆን አይፈረድበትም።

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1987 የቤት ዕቃዎች የኃይል ቁጠባ ሕግ አወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ መስፈርቱ ደረጃ በደረጃ ጠበቀ። በ2011 የውኃ መጠን ራሱ ገደብ ተጣለበት፤ በ2015 እና በ2018 ደግሞ ገደቡ ወረደ። ከ2018 ጀምሮ መደበኛ መጠን ያለው ከላይ የሚከፈት ማሽን፣ ቅርጫቱ በሚይዘው በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ፉት ከ6.5 ጋሎን በላይ ውኃ እንዲጠቀም አይፈቀድለትም። ከፊት የሚከፈተው ደግሞ ከ4.7 ጋሎን በላይ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ እንመለስባቸዋለን።

አንደኛው ሥራ፦ ማጠብ

ኸርበርት ዚነር የተባለ የሄንከል ኩባንያ ኬሚካል መሐንዲስ በ1959 የማጠብን ሥራ በአንድ ክብ ውስጥ ሣለው። ክቡ አራት ድርሻ አለው፦ ሳሙና፣ ሙቀት፣ ጊዜ እና ጉልበት። አንዱን ብትቀንሱ ሌላውን መጨመር አለባችሁ። ዚነር ክቡን ከመሣሉ በፊት ሳፋ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ በደንብ ታሻላችሁ፣ ወይ ዘፍዝፋችሁ ታሳድራላችሁ።

ልብ በሉ፤ ውኃ ከአራቱ አንዱ አይደለም። ውኃ አራቱ የሚገናኙበት ሜዳ ነው። ሜዳው ሲጠብ ደግሞ የሚጎዳ ብቻ ሳይሆን የሚጠቀምም አለ። የሳሙና ሞለኪውል አንድ ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ ቅባቱን ከብቦ ከጨርቁ ላይ የሚያላቅቀው በዚህ ጠባዩ ነው። ይህን ሥራውን የሚወስነው ደግሞ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም አለ የሚለው ነው። 60 ግራም ሳሙና በ60 ሊትር ውኃ ውስጥ በሊትር 1 ግራም ነው። ያው 60 ግራም በ24 ሊትር ውስጥ ግን በሊትር 2.5 ግራም ይሆናል። ትንሽ ውኃ ማለት በዚህ በኩል ጠንካራ ውኃ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጎራ «ውኃ ካልበዛ አይጠራም» ሲል ኬሚስትሪው አይደግፈውም።

እዚህ ላይ ስለ አረፋም አንድ ነገር ልበል። በእጅ ስናጥብ አረፋ የሳሙናው መብቃት ምልክት ነው፤ ሲጠፋ እንጨምራለን። በትንሽ ውኃ በሚሠራ ማሽን ውስጥ ግን አረፋ እንደ ትራስ በልብሶቹ መካከል ገብቶ መፋተጋቸውን ያለሰልሰዋል፣ በማለቅለቂያው ጊዜም አልወጣ ይላል። «ኤች ኢ» የተባለው ሳሙና አረፋው አነስተኛ ሆኖ የተሠራው ለዚህ ነው። አረፋ ስላላያችሁ ሳሙና መጨመር ማሽኑን ማነቅ ነው።

ትንሽ ውኃ በዚህ ሥራም ላይ አንድ ጉዳት አለው። የለቀቀው እድፍ ራሱ በትንሽ ውኃ ውስጥ ይጠራቀምና ተመልሶ ጨርቁ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ነጭ ነጠላ ቀስ በቀስ ወደ አመድማ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሳሙና አምራቾች እንደ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚጨምሩት እድፉ ውኃው ውስጥ ተንሳፎ እንዲቆይና ተመልሶ እንዳይጣበቅ ለማድረግ ነው። ስለዚህ በቆጣቢ ማሽን ላይ ርካሽና ተራ ሳሙና መጠቀም የውኃውን እጥረት ያባብሳል።

አሁን ወደ ማለቅለቁ እንሂድ፤ ብዙ ሰው «ውኃ ያስፈልጋል» ብሎ እርግጠኛ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ከታጠበና ከተጨመቀ በኋላ ልብሱ ውስጥ 4 ሊትር የሳሙና ውኃ ቀረ እንበል። በ36 ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ጊዜ ብታለቀልቁት ሳሙናው በ40 ሊትር ውስጥ ይበተናል። ስትጨምቁት ደግሞ 4 ሊትር ይቀራል። ከሳሙናው አንድ አሥረኛው፣ 10 በመቶው፣ ልብሱ ላይ አለ ማለት ነው። አሁን ያንኑ 36 ሊትር ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ በየጊዜው 12 ሊትር። በእያንዳንዱ ዙር ከ16ቱ ሊትር 4ቱ፣ ማለትም አንድ አራተኛው ይቀራል። ከሦስት ዙር በኋላ ¼ × ¼ × ¼ = 1/64፣ ማለትም 1.6 በመቶ ብቻ። ውኃው ያው ነው፤ የቀረው ሳሙና ግን ከስድስት እጥፍ በላይ አነሰ። የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ 8 ሊትር ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 16 ሊትር ብቻ ብትጠቀሙ 11 በመቶ ይቀራል። የ36 ሊትሩን ያህል ሊሆን ምንም አልቀረው!

ውኃ በጀሪካን እየተቀዳ በሚታጠብበት ግቢ ልብስ በአንድ ትልቅ ሳፋ ሳይሆን በትንሽ በትንሽ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚለቀለቀው በዚህ ስሌት ነው፤ ቀመሩን ማንም ሳይጽፈው። ስሌቱ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። ዋናው ጨዋታ ያለው ከመጭመቁ ላይ ነው። ከ4 ሊትር ይልቅ 2 ሊትር ቢቀር ሁሉም ቁጥር ይወርዳል። ቆጣቢዎቹ ማሽኖች ደግሞ እዚህ ላይ ጎበዞች ናቸው። ከመሃል 28 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጨርቅ በደቂቃ 650 ጊዜ ሲዞር የስበት ኃይልን 130 እጥፍ ያህል ይገፋል፤ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ግን 310 እጥፍ። ማድረቂያው ላይ የሚቆጠበው ኃይልም ቀላል አይደለም። ክዳኑ ተቆልፎ አላይ የሚለውም ለዚህ ነው፤ በዚያ ፍጥነት እጅ ማስገባት አደጋ ነው።

እስካሁን ማሽኑን ስከላከል የቆየሁ ይመስላል። አዎ፣ እስካሁን ያለው ሁሉ እውነት ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ስሌቱ ውኃው ጨርቁ ውስጥ ሁሉ ቦታ ገብቶ መቀላቀሉን እንደ ተሰጠ ነገር ይወስዳል። ልብሱ ካልተገላበጠ ¼ × ¼ የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው ሥራ፦ መሸከም

ከፊት የሚከፈተውን ማሽን አስቡ። ቅርጫቱ ተጋድሞ ነው የሚዞረው። ልብሱ በግድግዳው ተይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወድቃል፤ በእያንዳንዱ ዙር ግማሽ ሜትር ገደማ። የሚገለብጠው ማን ነው? የመሬት ስበት፣ ያውም በነፃ። ውኃው ከሥር ትንሽ ኩሬ ሆኖ ልብሱን ማርጠብና ሳሙናውን መያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ከላይ የሚከፈተው ቅርጫት ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። እዚህ ስበት አጋዥ መሆኑ ቀርቶ ተቃዋሚ ነው፤ ልብሱን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ያጠራቅመዋል፣ የታችኛውን በላይኛው ይጫነዋል። ከታች ያለው ካልሲ ወደ ላይ እንዲመጣ አንድ ነገር ሊሸከመው ይገባል። በድሮው ማሽን የተሸከመው ውኃው ነበር።

ሸክሙ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። የጥጥ ክር እፍጋት ከውኃ 1.5 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ 3 ኪሎ የጥጥ ልብስ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ሲሰጥም፣ የመንሳፈፍ ኃይል ክብደቱን ሁለት ሦስተኛ ያቃልልለታል፤ የሚቀረው 1 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። ምሰሶው በቀላሉ ያዞረዋል፣ ልብሱ እንደ ዓሣ ወደ ታች ወርዶ ወደ ላይ ይወጣል። አሁን ውኃውን አውጡትና ልብሱ የጠጣውን ብቻ ይያዝ። ከክብደቱ እጥፍ ውኃ ይዟል ብንል 3 ኪሎ ጨርቅ ሲደመር 6 ኪሎ ውኃ፣ 9 ኪሎ እርጥብ ክምር! ያው ልብስ ዘጠኝ እጥፍ ከባድ ሆነ። የቆጣቢው ማሽን ልብስ በከፊልም ቢሆን ውኃ ውስጥ ስላለ ልዩነቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል አይሰፋም። አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

አምራቾቹ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ብዙዎቹ ምሰሶውን አውጥተው ከሥር ኢምፔለር የሚባል ዝርግ ሳህን ተኩበት። ሳህኑ የታችኛውን ልብስ ያንቀሳቅሳል፣ የታችኛው የላይኛውን ይፈትጋል፣ እርስ በርሳቸው ይተሻሻሉ ነው ሐሳቡ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከሥር ያለውን ውኃ በፓምፕ እየሳቡ ከላይ መልሰው ይረጩታል። ይህ ሁለተኛው ብልህ ሐሳብ ነው፤ ውኃውን ማብዛት ካልተቻለ ያለውን ማዞር! ቢሆንም ክምሩ ጥቅጥቅ ካለ የተረጨው ውኃ ቀላሉን መንገድ ይዞ በጎን ይወርዳል፤ መሃሉ ላይ የተጠቀለለው ልብስ ድርሻውን አያገኝም። መመሪያዎቹ ልብሱን ሳትጠቀጥቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ክተቱ የሚሉት ለዚህ ነው። መመሪያ የሚያነብ ስንት ሰው እንዳለ እናንተው ፍረዱ።

ታሪኩ ደግሞ ትንሽ ምፀት አለው። በ1937 ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ ለአሜሪካ ቤቶች ያቀረበው አውቶማቲክ ማሽን ከፊት የሚከፈት፣ ቅርጫቱ የተጋደመ ነበር። በንዝረቱ ምክንያት ወለል ላይ በብሎን ይታሰር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ገበያውን ከላይ የሚከፈተው ወሰደው። ማጎንበስ የለም፣ የተረሳች ካልሲ መሃል ላይ መጨመር ይቻላል፣ በሩ ዙሪያ ሻጋታ የሚይዝ ጎማ የለም። እነዚህ ምክንያቶች ዛሬም አሉ። ስለዚህ «ለምን ከፊት የሚከፈተውን አይገዙም?» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ወገቡን ለሚያመው ሰው ግን መልስ አይሆንም። የአፓርታማ ተከራይ ደግሞ ጭራሽ ምርጫ የለውም፤ ያገኘውን ነው የሚጠቀም።

አሁን ወደ እርጥቡ ፎጣ እንመለስ። የድሮው ማሽን የውኃውን ልክ እናንተን ይጠይቅ ነበር፤ «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ» የሚል ማዞሪያ ነበረው። ከገንዳው ሥር ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ ውኃው ሲወጣ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያፍነዋል። 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ወደ 1,000 ፓስካል የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት አንድ መቶኛው ገደማ ነው። ያቺ ትንሽ ግፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ትገፋና ውኃው ይቆማል። ቀላልና የሚያምር ዘዴ ነው። አዲሱ ማሽንም ግፊት ይለካል፤ ነገር ግን የሚፈለገውን ልክ የሚወስነው ራሱ ነው። ብዙዎቹ ውኃ ከመክፈታቸው በፊት ደረቁን ልብስ ቀስ እያደረጉ ያዞሩታል፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደደከመ አይተው የጭነቱን ክብደት ይገምታሉ። እርጥብ ፎጣ ስትጨምሩ ጭነቱ ከበደ፤ ማሽኑም «ኦ፣ ብዙ ልብስ ነው» ብሎ ውኃ ይጨምራል። ሽወዳው ይህ ነው።

ሽወዳው የማሽኑንም ድክመት ያሳያል። ክብደትና ጥማት አንድ አይደሉም። ሁለት ኪሎ የፖሊስተር የስፖርት ልብስና ሁለት ኪሎ ጋቢ ሲደርቁ ለሞተሩ ያው ናቸው፤ ውኃ ሲያገኙ ግን ፖሊስተሩ ትንሽ ጠጥቶ ይበቃዋል፣ ጋቢው የተሰጠውን ሁሉ ጠጥቶ «ሌላስ?» ይላል። አራት ድርብ የእጅ ፈትል ጥጥ እኮ ነው! ከዚያ አንድ ጎን ላይ ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ሲሽከረከር ሚዛኑ ይስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቆሞ ይጮኻል። አንዳንድ ማሽኖች ውኃ ከገባ በኋላ ልብሱ ምን ያህል እንደጠጣ በግፊቱ መውረድ እያዩ ይጨምራሉ። ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ቢሆኑ ግማሹ ቅሬታ ባልተሰማ ነበር።

ፈተናውን ማን አወጣው?

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አምጡ፤ 6.5 ጋሎን በኪዩቢክ ፉት። ይህ ክፍልፋይ ነው። ከላይ ውኃ፣ ከታች የቅርጫት ስፋት። ክፍልፋይን ለማሳነስ ደግሞ ሁለት መንገድ እንዳለ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃላችሁ፤ ላዩን መቀነስ ወይም ታቹን ማብዛት። ባለ 3 ኪዩቢክ ፉት ቅርጫት (85 ሊትር ነው) 19.5 ጋሎን፣ ማለትም 74 ሊትር ውኃ ይፈቀድለታል። ባለ 5 ኪዩቢክ ፉቱ ደግሞ 32.5 ጋሎን፣ 123 ሊትር። ሁለቱም በወረቀት ላይ እኩል «ቆጣቢ» ናቸው! የአሜሪካ ማሽኖች ቅርጫት በእነዚህ ዓመታት እየሰፋ መሄዱ ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ማለት ይከብደኛል። የፈተናው አዘጋጆች ትልቅ ቅርጫት ያለው ሰው ብዙ ልብስ በአንዴ ያጥባል ብለው ያስባሉ፤ ለሙከራም ብዙ ጨርቅ ይከቱበታል። የቆሸሸው ልብሳችሁ ግን ማሽኑ ስለሰፋ አይበዛም።

ሙከራው የሚሠራበት ጨርቅ ግማሹ ጥጥ፣ ግማሹ ፖሊስተር የሆነ፣ በአንድ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። ጂንስ የለበትም፣ አንሶላ የለበትም፣ ጋቢማ ከየት መጥቶ። የሚለካው ውኃው፣ ኃይሉና ከመጭመቅ በኋላ የቀረው እርጥበት ነው። ጨርቁ ጠርቷል ወይ? ይህ ገደቡን በሚያስከብረው ፈተና ውስጥ አልተጠየቀም። የምተቸው ዋናው ነገር ይህ ነው። ሕጉ ራሱ መስፈርት ሲወጣ የዕቃው አገልግሎት እንዳይጎዳ ይላል፤ እያንዳንዱ ማሽን የሚያልፍበት ፈተና ግን እድፍን አይቶ አያውቅም። የአውሮፓ ኅብረት በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው መለያ ከኃይሉ ደረጃ ጎን የማጠብ ብቃቱንም በፊደል ያሳይ ነበር፤ በኋላም ብቃቱ ከዚህ በታች መውረድ የለበትም የሚል ወለል ተደረገ። ስለዚህ መለካት አይቻልም የሚል ሰበብ አይሠራም። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ሸማቾች መጽሔት እድፍ ያለባቸውን ጨርቆች አጥቦ በ2007 ባወጣው ውጤት፣ ከላይ የሚከፈቱ አንዳንድ ማሽኖች እድፉን በማስለቀቅ እጅግ ደካማ ሆነው ተገኝተዋል። መለኪያው ሌላ ሲሆን ውጤቱም ሌላ ሆነ።

ፈተናው በዋናነት የሚያየው ደግሞ «ኖርማል» የሚለውን ዙር ነው። ታዲያ ምን ይሆናል? ለፈተና ብቻ የሚያጠና ተማሪ ታውቃላችሁ አይደል? «ኖርማል» ከሁሉም ንፉጉ ዙር ይሆናል፤ ጎኑ ላይ ያለው «ዲፕ ፊል» ወይም «ባልኪ» የሚል ቁልፍ ደግሞ ውኃውን ይለቀዋል። ማጭበርበር አይደለም፣ ደንቡ የሚፈቅደው ነው። ስፒድ ኩዊን የተባለው አምራች በ2018 አዲስ ንድፍ ይዞ ሲመጣ የድሮ ወዳጆቹ አጉረመረሙ፤ በ2019 የድሮውን ምሰሶና ሙሉ ውኃ ያለውን ዓይነት መልሶ አቀረበ። እንዴት አለፈ? ከዙሮቹ አንዱ «ኖርማል ኢኮ» ይባላል፤ ፈተናውን የሚወስደው እሱ ነው። ሌሎቹን ዙሮች የመረጠ ሰው ገንዳውን ይሞላል።

ተጠቃሚው ንፉጉን ዙር ካላመነው ቁጠባው ራሱ ይተናል። 75 ሊትር በሚወስድ ማሽን አንድን ጭነት ሁለቴ ያጠበ ሰው 150 ሊትር ተጠቀመ፤ የድሮውን ማሽን ያህል፣ በዚያ ላይ ሁለት እጥፍ ጊዜ። ኃይሉ ላይም ቢሆን ሒሳቡ ተለውጧል። ዛሬ ሳሙናዎች ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ቀዝቃዛ ውኃ ላይም ይሠራሉ፤ በቀዝቃዛ ለሚያጥብ ሰው ያ 90 በመቶ የለም። ማለቅለቂያውማ በአብዛኛው ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በማለቅለቂያው ላይ የሚደረግ ንፍገት የሚቆጥበው ውኃ እንጂ ኃይል አይደለም ለማለት ይቻላል። ይህ ድርቅ በሚደጋግማት ካሊፎርኒያ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐይቅ ዳር ባለችው ቺካጎ ግን ያን ያህል አይደለም። እኔ ብጠየቅ የሚሞቀው ውኃ ላይ ጠበቅ አድርጌ፣ ቀዝቃዛውን ማለቅለቂያ ከአንድ ወደ ሁለት ከፍዬ፣ ከዙሮቹ መካከል በጠንካራ ሽክርክሪት እጨምቅ ነበር። ቀጥ ብሎ ለቆመ ቅርጫት ደግሞ ውኃውን በፓምፕ ማዞር ግዴታ ይሁን እላለሁ። ፈተናው ላይም አንድ የቆሸሸ ጨርቅ ይጨመር።

እስከዚያው ድረስ አክስታችሁ ከሜሪላንድ ደውለው ስለ ማሽኑ ካማረሩ ባልዲውን ያስቀምጡት በሏቸው። ቅርጫቱን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገው ይሙሉ እንጂ አይጠቅጥቁት። ሳሙናው «ኤች ኢ» ይሁን፣ ክዳኑ ላይ ካለው መስመርም አይለፍ። «ተጨማሪ ማለቅለቂያ» የሚል ቁልፍ ካለ ይጫኑት። ጋቢውን «ኖርማል» ላይ አይክተቱት፤ «ዲፕ ፊል» ወይም «ባልኪ» ይምረጡለት፤ አንድ ጎን ላይ እንዳይጠቀለልም በዳር በዳር ዙሪያውን ያስቀምጡት።